ልጄ አዳሪ የቴኒስ ማሰልጠኛ ልትገባ ነው፤ ውሎና አዳሩን የምታውቁ ንገሩኝ

አባት ከማርቆስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ልጄ 13 ዓመቷ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ናት። አጎቷ የሜዳ ቴኒስ ያሰለጥናል። ልጅቷ ራኬት ከእጁ እየቀማች ነው ያደገችው። ክረምት ላይ አዲስ አበባ ለውድድር ይዟት ሄዶ ነበር። እዚያ ያዩዋት አሰልጣኞች ወደዷትና አዳሪ ሆና የምትሰለጥንበት ቦታ ተገኘላት። መኝታው፣ ምግቡ፣ ትምህርቱ ሁሉም በእኛ ነው አሉን።

ደስ ብሎናል። እንቅልፍም አጥተናል። እናቷ አንድ ቀን ትሂድ ትላለች፣ በማግስቱ ትቅር ትላለች። አያቷ ነገሩ ገና ሲነሳ እንባዋ ይቀድማታል።

እኔ ራሴ ከገጠር መጥቼ፣ ቤት ተከራይቼ፣ በየሳምንቱ ስንቅ እየመጣልኝ ነው የተማርኩት። ከቤት ርቆ መማር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሬ ቤቴ እገባ ነበር። የእሷ ሌላ ነው። ደግሞ መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ ታውቁታላችሁ።

አዳሪ የነበራችሁ፣ ያሰለጠናችሁ፣ ልጅ የላካችሁ እባካችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ። ቀኑ እንዴት ነው የሚውለው? ትምህርቱ የምር ነው ወይስ ለስም? ሌሊት ከልጆቹ ጋር ማን ያድራል? ጾሙስ እንዴት ይሆናል?


የቢቸና ልጅ፦

ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔ ልክ በልጅዎ ዕድሜ ነው አዳሪ የቴኒስ ማዕከል የገባሁት። ከአገር ውጭ፣ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነበር። ስሙን ባልጠራው ይሻላል።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የማደሪያ ኃላፊዋ በር በር እያንኳኳች ታልፋለች። 12 ሰዓት ላይ ሜዳ ነን። ጠዋት ራኬት አይነካም። ሩጫ ነው፣ ገመድ ዝላይ ነው፣ ሰውነት ማፍታታት ነው። አንድ ሰዓት ያህል ሠርተን ሻወርና ቁርስ። 2 ሰዓት ተኩል ክፍል እንገባለን፤ 6 ሰዓት ተኩል እንወጣለን። ምሳ በልተን ጋደም እንላለን። ዋናው ልምምድ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ነው። ከዚያ እራት፣ ከዚያ ጥናት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል መብራት ይጠፋል። ባይጠፋም ነቅቶ የሚያመሽ አልነበረም፤ ድካሙ ራሱ ይጥለናል።

ሰው ልምምድ ሲባል ጨዋታ ይመስለዋል። አብዛኛው ጨዋታ አይደለም። አሰልጣኙ አንድ ቅርጫት ሙሉ ኳስ አጠገቡ አስቀምጦ አንድ በአንድ ይልክልሻል። አንቺ ያንኑ ፎርሃንድ፣ በመዳፍ በኩል የሚመታውን ምት፣ ወደዚያው ጥግ ትመልሻለሽ። ቅርጫቱ ባዶ ሲሆን ኳሱን ለቅመሽ ትሞያለሽ። እንደገና ትጀምሪያለሽ። ሲደክምሽ እግርሽ መንቀሳቀስ ያቆማል፤ እጅሽ ብቻ ይዘረጋል። ያኔ ነው አሰልጣኙ የሚጮኸው።

ሜዳችን ቀይ አፈር ነበር። ልምምድ አለቀ ተብሎ ጥሎ መሄድ የለም። ሰፊ የመረብ መጥረጊያ ከኋላችን እየጎተትን ሜዳውን ዙሪያውን እንደለድላለን። ቀጥሎ ነጩን መስመር በትንሽ መጥረጊያ እንጠርጋለን። ከዚያ ውሃ እንረጫለን። ይህን ሳያደርግ ሹልክ ያለ ልጅ በማግስቱ የሁሉንም ሜዳ ብቻውን ይጠርጋል። ካልሲያችን ነጭ ሆኖ አያውቅም። እሁድ ጠዋት በሳሙና ፈትገን ፈትገን የሚወጣው ውሃ ቀይ ነው።

እጅ መጀመሪያ ውሃ ይቋጥራል። አውራ ጣት ሥር፣ የራኬቱ እጀታ የሚያርፍበት ቦታ ላይ። ይፈርጥና ያቃጥላል፤ በፕላስተር ጠቅልለሽ ትቀጥያለሽ። በኋላ ቆዳው ይጠነክራል። የራኬቱ ክርም ሌላ ጣጣ ነው። ጉልበት ያላቸው ልጆች ቶሎ ቶሎ ይበጥሱታል። መወጠሪያ ማሽኑ አንድ ብቻ ስለነበር ወረፋ አለው። እኔ ቆሜ እያየሁ መወጠር ተማርኩ፤ ዛሬም እንጀራዬን የምጨምርበት ሙያ ሆኖልኛል።

አሁን ዋናውን ልንገርዎት። የሚከብደው ልምምዱ አይደለም። ሜዳ ላይ ሆኖ ቤቱን የሚያስታውስ ልጅ የለም። የሚከብደው እሁድ ከሰዓት ነው። ልብስ ታጥቦ ተሰጥቷል፣ ምንም ሥራ የለም። ሆድ የሚብሰው ያኔ ነው። ስለዚህ ስትደውሉ እሁድ ከሰዓት ደውሉ።

እናቴ ስትደውል «በላሽ?» ብላ ትጀምር ነበር። አባቴ ነፍሱን ይማረውና «አሸነፍሽ?» ይለኝ ነበር። ክፋት አልነበረውም፤ በጣም ስለሚኮራብኝ ነው። ግን የተሸነፍኩ ቀን የእሱን ስልክ ማንሳት እፈራ ነበር። ጋሼ፣ አደራዎን፣ መጀመሪያ ስለ ውጤት አይጠይቋት።


አባት ከማርቆስ፦

የኔ ልጅ፣ ተባረኪ። ይህን ለእናቷ አንብቤላት ዝም አለች። ስለ ስልኩ የጻፍሽው እኔን ነክቶኛል፤ ከውድድር ስትመለስ መጀመሪያ የምጠይቃት እሱን ነውና።

የግል ስልክ ግን ይፈቀድላቸዋል? የእኛዎቹ የማሰልጠኛው ሰዎች «ማታ ማታ ይሰበሰባል» ብለውናል።


የቢቸና ልጅ፦

የኛም ማታ ይሰበሰብ ነበር። ያኔ አኩርፌ ነበር። አሁን ሳስበው እንቅልፋችንን ያተረፈው እሱ ነው።


መምህር ከሞጣ፦

ወንድሜ፣ ቅር እንዳይልህ። ሁሉም እንኳን ደስ ያለህ ይልሃል፤ እኔ ግን ሰግቻለሁ።

የቢቸናዋ ልጅ የጻፈችውን ውሎ አስተውሉት። ክፍል የሚገባው በቀን 4 ሰዓት ነው። በዓለም የታወቁትም አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ፍሎሪዳ ያለው አይኤምጂ አካዳሚ ኒክ ቦሌቲየሪ በ1978 እ.ኤ.አ. ከመሠረተው የቴኒስ አዳሪ ትምህርት ቤት የተነሳ ነው። እነ አንድሬ አጋሲና ሞኒካ ሴሌሽ የመሰሉ የቴኒስ ከዋክብት ያለፉበት ነው። እዚያም ግማሽ ቀን ክፍል፣ ግማሽ ቀን ሜዳ ነው። ግን የዚያ ልጅ ወላጅ በዓመት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል። ልጁ በቴኒስ ባይሳካለት ሌላ መንገድ ይገዛለታል። የእኛስ ልጅ?

በ2015 ዓ.ም. የወጣውን የ12ኛ ክፍል ውጤት አንረሳውም። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ሙሉ ቀን የተማረው ማለት ነው። ጎጃም ውስጥ ባለፉት ዓመታት ስንት ልጅ ከክፍል ውጭ እንደዋለ ለአንተ አልነግርህም። ያቺኑ የተረፈችንን የትምህርት ሰዓት ደግሞ ለሁለት እንክፈላት? ልጅቷ ጎበዝ ከሆነች እዚሁ ከአጎቷ ጋር ትሥራ፤ አስረኛ ክፍል ስትደርስ ትሂድ።


አባት ከማርቆስ፦

መምህር፣ አልተቀየምኩም። ግን አንድ ነገር ላክልበት። እኛን ከሳበን አንዱ ትምህርቱ ሳይቋረጥ የሚቀጥልበት ቦታ መሆኑ ነው። እዚህ ሆና ሙሉ ቀን ትማራለች ብዬ ማን ፊት እምላለሁ?


አሰልጣኝ፣ ባሕር ዳር፦

በዚህ ነገር ላይ ብዙ የምለው አለኝ። ኳስ አቀባይ ሆኜ ጀምሬ ነው አሰልጣኝ የሆንኩት፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሜዳ ላይ ነው።

መምህር ስለ ትምህርቱ ትክክል ነዎት። አስረኛ ክፍል ትሂድ ያሉት ላይ ግን አልስማማም። ቴኒስ እግር ኳስ አይደለም፤ እጅና ዓይን የሚግባቡት በልጅነት ነው። ዓለም አቀፉ የታዳጊዎች ውድድር ራሱ ከ13 እስከ 18 ዓመት ነው። አስረኛ ክፍል ስትደርስ ግማሹ አልፏታል።

የቱኒዚያዋን ኦንስ ጃበርን እዩ። በ12 ዓመቷ ከቤቷ ወጥታ ዋና ከተማው ቱኒስ ባለ የስፖርት ትምህርት ቤት ገባች። በ2011 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ኦፕን የታዳጊ ሴቶችን ዋንጫ ወሰደች። በ2022 እና በ2023 ዊምብልደን ፍጻሜ ደረሰች። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ አንጄላ ኦኩቶዪ አለች። በ2022 ዊምብልደን ላይ የታዳጊ ሴቶችን የጥንድ ውድድር አሸነፈች። ከዚያ የት ሄደች? አሜሪካ፣ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ገብታ እየተማረች ተጫወተች። እዚህ ላይ ነው እኔና መምህር የምንገናኘው። በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት በከፍተኛው ዲቪዚዮን ለመጫወት ከሁለተኛ ደረጃ 16 ዋና ዋና የትምህርት ዓይነቶች ይጠየቃሉ። ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይንስ። ካርድ የሌላት ልጅ ኳስ ብታበርም በዚያ በር አትገባም። ከታዳጊዎቹ መካከል በውድድር ገንዘብ ብቻ የሚኖሩት በጣም ጥቂት ናቸው። ለብዙዎቹ የቴኒስ ትልቁ ትሩፋት የነጻ ትምህርት ዕድል ነው።

አሁን የሚያሳስበኝን ልናገር። የስፖርት ሐኪሞች የሚመክሩት አንድ ቀላል መለኪያ አለ። በሳምንት የሚሠራው የልምምድ ሰዓት ከልጁ ዕድሜ ቁጥር አይብለጥ ይላሉ። 13 ዓመት ከሆነች 13 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። የቢቸናዋ እህታችን የጻፈችውን ደምሩት። ጠዋት 1፣ ከሰዓት 3፤ በስድስት ቀን 24 ሰዓት። ለ13 ዓመት ልጅ በዝቷል። ወዲያው አይታይም። በኋላ ትከሻ ላይ፣ ክርን ላይ፣ ወገብ ላይ ይወጣል። መንፈሷም ይደክማል። አሜሪካዊቷ ጄኒፈር ካፕሪያቲ 14 ዓመት ሳይሞላት በ1990 እ.ኤ.አ. ፕሮፌሽናል ሆነች። ብዙም ሳይቆይ ጫናው ከሜዳ አራቃት። በኋላ ተመልሳ ትልልቅ ዋንጫ ብትወስድም መሃል ላይ የሆነችው ነገር ሁሉንም አስደንግጧል። የሴቶች ቴኒስ ማኅበር ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታዳጊዎች በዓመት የሚጫወቱትን የፕሮፌሽናል ውድድር በዕድሜ የገደበው ከዚያ በኋላ ነው።

እንቅልፍም ልምምድ ነው። በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያስፈልጋታል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ስትደውል ስንት ሜዳ አላችሁ ብለህ አትጠይቅ። ከ14 ዓመት በታች ያለች ልጅ በሳምንት ስንት ሰዓት ትሠራለች? በስንት ሰዓት ትተኛለች? እነዚህን ጠይቅ። መልሱን ወዲያው ካላወቁት አስቦ የሠራበት ሰው የለም ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለአጎቷ ይጠቅመዋል። ማርቆስ ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ይፈጥናል፣ ይርቃልም። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከ1219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ የፈቀደው ለዚህ ነው። እኛ ግን በተገኘው ነው የምንጫወተው። አንድ ቀን ዝቅ ያለ አገር ሄዳ ስትወዳደር ምቷ ሁሉ እያጠረ መረብ ላይ ቢቀርባት አትደንግጥ። ጥቂት ቀን ቀድማ ሄዳ ትለማመድ።


ነርስ፣ ዳንግላ፦

ስለ ጾሙ ማንም አልመለሰም፤ እኔ ልሞክር። ወንድ ልጄ አዳሪ ስፖርተኛ ነው፤ ጥያቄዎ የእኔም ጥያቄ ነበር።

ከባዱ ሽሮና ምስር መብላቷ አይደለም። የጾም ምግባችን ለስፖርተኛ የሚናቅ አይደለም። ጤፍ አለ፣ ባቄላ አለ፣ ምስር አለ፣ ድንች አለ፣ በሶ አለ። ከባዱ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መዋል ነው። ጠዋት 12 ሰዓት የሮጠች ልጅ ያለ ቁርስ ክፍል ተቀምጣ ምን ይገባታል? ልክ ጾም ሲፈታ ደግሞ ከሰዓቱ ልምምድ ይጀምራል። በባዶ ሆድ ራሷን ትስታለች።

እኛ ከንስሐ አባታችን ጋር ተማከርን። የልጁን ዕድሜና ድካም ነገርናቸው። እሳቸውም ከፍስክ ይከልከል፣ በሰዓት ግን አታስጨንቁት አሉን። እናንተም የራሳችሁን አባት አማክሩ፤ ሸክሙ ከልጅቷ ላይ ይውረድ። ብቻዋን ዶርም ተቀምጣ በላሁ አልበላሁ እያለች እንዳትጨነቅ።

በጤናው በኩል ሁለት ነገር ልብ በሉ። ሴት ልጅ ናት፤ የወር አበባዋ ሲጀምር ከልምምዱ ጋር ተደምሮ ደም ማነስ ይመጣል። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር አትጠጣ፤ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግደዋል። ይልቅ ምስሩ ላይ ሎሚ ትጭመቅበት፣ ቲማቲም ትብላ። ሌላው ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ነው። እሱ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው የሚገኘው። ስለዚህ በፍስክ ቀን እንቁላልና ወተት በደንብ ይቀርባል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ቶሎ ቶሎ የምትደክም፣ ደረጃ ስትወጣ የምታለከልክ ከሆነ «ሰነፈች» ከመባሏ በፊት ደሟ ይታይ።


የአዊ ሯጭ፦

ጋሼ፣ እኔ ቴኒስ አላውቅም። ካምፕ ግን አውቃለሁ። የእኛው የትልሊው የኔው አላምረው በ2011 እ.ኤ.አ. ዶሃ ላይ 3000 ሜትርን በ7:27.26 ሲገባ እኛ አካባቢ ደብተሩን ጥሎ ያልሮጠ ልጅ አልነበረም። እኔም ሮጥኩ፤ ፈጣን ስለነበርኩ ተመርጬ አንድ ማሰልጠኛ ገባሁ።

መግቢያው ቀን ሁሉም አለ። ሰፈሩ ይሸኛል፣ ይመርቃል። የመውጫውን ቀን ግን ማንም አያወራም። ጉልበቴን አመመኝ። መጀመሪያ «ይሻልሃል» አሉኝ። ቀጥሎ ለብቻዬ ቀለል ያለ ልምምድ ሰጡኝ። ከዚያ አንድ ጠዋት ስምህ ተቀንሷል ተባልኩ። ቱታዬን አጣጥፌ አስረክቤ መናኸሪያ ሄድኩ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ቦታው ለሚቀጥለው ልጅ ያስፈልግ ነበር።

ሰፈር ስገባ ሰው እንዳያየኝ በጓሮ በኩል ነው የገባሁት። ትምህርት ቤት ስመለስ ካርድ አምጣ ተባልኩ። ካርዴን ለማግኘት ስመላለስ ዓመቱ አለፈ። እኩዮቼ ቀደሙኝ።

ስለዚህ ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ብትጎዳ ማን ያሳክማታል? ብትቀነስ ማን አስቀድሞ ይነግራችኋል? የትምህርት ማስረጃዋንስ በስንት ቀን ትቀበላለች? አፍ ለአፍ አይደለም ጋሼ፣ በጽሑፍ ያድርጉት። ለእሷም ከአሁኑ ንገሯት። ብትመለስ ቤቷ በፊት ለፊት በር ነው የምትገባው። ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር እኔ በጓሮ አልዞርም ነበር።


መምህር ከሞጣ፦

የአዊው ልጅ አንጀቴን በላው። ለእንደዚህ ያሉ ልጆች ማስረጃ ፍለጋ ደብዳቤ የጻፍኩባቸው ጊዜያት አሉ።

የአሰልጣኙን ሐሳብ አይቼ ዕድሜው ላይ ያልኩትን ትቻለሁ፤ እሱ ሙያውን ያውቃል። ትምህርቱ ላይ ግን ልጨምር። ወንድሜ፣ መሸኛ ስታወጣ ዋናውን ካርድ ቤትህ አስቀምጥ። ኮፒውን አስመስክረህ ስጣቸው። ልጅህ የሚመጣው ዓመት ስምንተኛ ናት። ሚኒስትሪ የት ተመዝግባ፣ የት እንደምትፈተን ከአሁኑ ጠይቅ። ውድድሩና ፈተናው አንድ ሳምንት ላይ ቢውሉ የትኛው ይቀራል? ይህን ሲመልሱልህ ማንነታቸውን ታውቃለህ።


አባት ከማርቆስ፦

ዛሬ ደወልኩ። እናንተ የጻፋችሁትን ወረቀት ላይ ገልብጬ ፊቴ አስቀምጬ ነው ያወራሁት።

ከ14 ዓመት በታች ያሉት በሳምንት አምስት ቀን ብቻ ነው የሚሠሩት፤ በቀን ከሁለት ሰዓት ተኩል አይበልጥም አሉኝ። ቅዳሜ ውድድር ካለ የሰኞው ይቀራል። የሚማሩት እዚያው ግቢ ውስጥ ሳይሆን ሰፈሩ ካለ መደበኛ ትምህርት ቤት ከሌላው ልጅ ጋር ነው። ይህ ደስ አሰኝቶኛል። ሌሊት አንዲት ትልቅ ሴት ከልጆቹ ጋር እዚያው ታድራለች፤ ስልክ ሰጥተውኝ አነጋገርኳት። ሦስት ልጅ ያሳደገች ናት። ድምፅዋን ሰምታ ባለቤቴ ቀለል አላት። ሚኒስትሪውን ስጠይቅ «ፈተና ካለ ውድድር የለም» አሉኝ፤ ሳያመነቱ ነው ያሉት።

ብትጎዳ ወይ ብትቀነስ ያልኩት ላይ ሰውዬው ትንሽ ዝም አለ። ይህን የጠየቀን ወላጅ የለም አለኝ። በጽሑፍ አዘጋጅተን እንልክልዎታለን ብሏል። እስኪመጣ መሸኛ አላወጣም።

የንስሐ አባታችንም ልክ የዳንግላዋ እህታችን እንዳለችው ነው ያሉን። ልጅቷን ትናንት ማታ አስቀምጬ የአዊውን ልጅ ቃል ነገርኳት፤ በፊት ለፊት በር የሚለውን። «እኔ አልቀነስም» አለችኝ። ብትቀነሺም አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች።

አያቷ ከማልቀስ ወደ ገብስ መቁላት ተሸጋግራለች። ምን ምን ይዛ ትሂድ?


የቢቸና ልጅ፦

ጋሼ፣ ወረቀቱን መጠበቅዎ ደስ ብሎኛል።

ልብስ አታብዙ፤ ማጠቡ የራሷ ጣጣ ነው። ካልሲ ግን ብዙ ትያዝ። ለእጇ ፕላስተር፣ ለራኬቷ ትርፍ የእጀታ መጠቅለያ፣ ለፀሐይ ቆብ። ራኬቷን አዲስ ካልገዛን አትበሉ፤ የለመደችው ይሻላታል፣ ክሩን ብቻ አጎቷ አዲስ ይወጥርላት። ጋቢም ትያዝ። ጥናት ላይ ትደርበዋለች።

በሶውን በአንድ ትልቅ ፌስታል አትላኩት። በትንንሹ ከፋፍላችሁ ክዳኑ ጥብቅ በሚል ዕቃ አድርጉት፤ ዶርም ውስጥ ጉንዳን አይጠፋም። ለዶርም ጓደኞቿም የሚሆን ጨምሩበት። በመጀመሪያው ሳምንት በሶ የበጠበጠች ልጅ ጓደኛ አታጣም።